በጠመኔ፣ በእርሳስና በባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሮሊሲስን በቀለም የማሳየት አሰራር

ኤሌክትሮሊሲስ (ውሃንና የመሳሰለውን በኤሌክትሪክ መከፋፈል) ላይ ሲደረስ ብዙ ትምህርት ቤት የሚሆነው ያው ነው፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዘንግ ይስላል፣ አንዱ ካቶድ አንዱ አኖድ ይላል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ አለቀ። ላብ (ቤተ ሙከራ) የለማ። ላብ ቢኖርም ኬሚካሉ ወይ አልቋል ወይ ጊዜው አልፎበታል። የሚያናድደው ግን ዕቃው ከሞላ ጎደል እዛው ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ጠመኔ አለ፣ እርሳስ አለ፣ የባትሪ ድንጋይ መንዝ ጫፍ ላይ ያለች ሱቅም ትሸጣለች። የሚጎድለው ቀለም የሚቀይር ነገርና ደህና ውሃ ነው፣ እሱም ይገኛል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው አሰራሮች ብዙዎቹ የወጥ ጨው ወይ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት ይላሉ፣ አትስሟቸው፣ አረፋ ታያላችሁ ቀለሙ ግን ይበላሽባችኋል፣ ለምን እንደሆነ እየሄድን እናየዋለን።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘው ዘንግ ካቶድ ነው፣ እሱ ጋ ውሃው ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቅና ሃይድሮክሳይድ ይተዋል፣ ስለዚህ ዙሪያው ቤዝ ይሆናል። ከፖዘቲቩ ጋር ያለው አኖድ ደግሞ ከውሃው ኤሌክትሮን ወስዶ ኦክስጅን ያስለቅቅና ሃይድሮጂን አዮን ያስቀራል፣ እዛ አሲድ ይሆናል። አረፋውን ማንም ያየዋል፣ አሲዱንና ቤዙን ግን ያለ ኢንዲኬተር ማንም አያየውም፣ ኢንዲኬተር ማለት በአሲድና በቤዝ ቀለሙን የሚቀይር ነገር ነው፣ የኛው የቀይ ጎመን ጭማቂ ነው፣ አሲድ ላይ ሮዝ ቤዝ ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ኒኮልሰንና ካርላይል የሚባሉ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1800 ውሃን በኤሌክትሪክ ሲከፋፍሉ ሊትመስ (አሲድ ላይ የሚቀላ ኢንዲኬተር) ጨምረውበት ነበር፣ ፖዘቲቩ ሽቦ አካባቢ ያለው ቀላ። ያኔ የቮልታ ባትሪ ገና መሰማቱ ነበር፣ እነሱም ባትሪያቸውን ራሳቸው ደርድረው ነው የሰሩት፣ እና የኛ የተማሪ ጠረጴዛ ከነሱ ብዙም አያንስም።

መጀመሪያ ውሃው። ሰው ይሄን ይንቀዋል ግን የስራው ግማሽ እሱ ነው። የጉድጓድ ውሃና ብዙው የቧንቧ ውሃ ባይካርቦኔት አለው፣ ባይካርቦኔት ደግሞ የመጣውን አሲድም ቤዝም እየዋጠ ፒኤቹ (የአሲድና የቤዝ መለኪያው፣ 7 መሃል ነው፣ ከሱ በታች አሲድ፣ በላይ ቤዝ) እንዳይነቃነቅ ያረጋል፣ ባፈር የሚባለው ማለት ነው። በቁጥር እንየው፣ 5 ሚሊአምፔር ለ1 ደቂቃ ቢሄድ 0.3 ኩሎምብ ነው፣ ይሄ በየዘንጉ ወደ 3 ማይክሮሞል ሃይድሮክሳይድ ወይም ሃይድሮጂን አዮን ይሰጣል፣ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ውሃ 5 ሚሊሊትር ነው ብንል በሊትር 0.6 ሚሊሞል ይመጣል። ንጹህ ውሃ ከሆነ ካቶዱ ጋ ፒኤቹ ወደ 10.8 ይወጣል፣ አኖዱ ጋ ወደ 3.2 ይወርዳል፣ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ውሃው በሊትር 3 ሚሊሞል ባይካርቦኔት ካለው ግን ካቶዱ ከ10 በታች ይቀራል፣ አኖዱ ደግሞ 7 አካባቢ ቆሞ ይቀራል፣ ማለትም ያን ሁሉ ለፍታችሁ ሮዝ የሚባል ነገር አታዩም። ቤኪንግ ሶዳ ስትጨምሩ ይሄንኑ ባይካርቦኔት በማንኪያ እየጨመራችሁ ነው፣ በቃ የቤኪንግ ሶዳ ነገር እዚህ ጋ ይለቅ።

ስለዚህ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰሜን ሸዋ ዝናብ አይለመንም፣ ዝናቡ ጣሪያውን አጥቦ ትንሽ ከቆየ በኋላ የሚወርደውን በንጹህ ባልዲ ያዙና በሃይላንድ አስቀምጡት። በበጋ ከሆነ መኪና ዕቃ መሸጫ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፣ ዲስቲልድ የሚሉት። እዚህ ጋ ግን ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እዛው መደርደሪያ ላይ በተመሳሳይ ፕላስቲክ የባትሪ አሲድ ይቀመጣል፣ እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ አይንና ቆዳ ያጠፋል። ተማሪ እንዳትልኩ፣ ራሳችሁ ሂዱና ጽሁፉን አንብባችሁ ግዙ፣ ቀድሞ የተከፈተ ወይም ተቀድቶ የተሞላ ከሆነ አትቀበሉ። ሁለቱም ካልተገኘ የታሸገ ውሃ ግዙና ጀርባው ላይ ባይካርቦኔት የሚለውን አይታችሁ ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ምረጡ፣ በሊትር 183 ሚሊግራም ማለት ከላይ ያልኩት 3 ሚሊሞል ነው።

ንጹህ ውሃ ብቻውን ግን ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ አዮን ያስፈልገዋል፣ ፒኤቹን የማይነካ ጨው ማለት ነው። ጠመኔ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሻጋታ ውስጥ ፈሶ የሚሰራው ነጭ ጠመኔ አብዛኛውን ጊዜ ጄሶ ነው፣ ጄሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው፣ ካልሲየሙም ሰልፌቱም በዚህ ሁኔታ ዘንጎቹ ላይ ምንም አይሆኑም፣ ኤሌክትሪኩን አሳልፈው ስራውን ለውሃው ይተዉለታል። ጄሶ ደግሞ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም፣ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ገደሉ ላይ የምታዩት አለት ውስጥ ብዙ ጄሶ አለ፣ ጂኦሎጂስቶችም ያንን የአለት ንብርብር በከተማዋ ስም ነው የሚጠሩት።

ሁሉም ጠመኔ ግን ጄሶ አይደለም፣ ከካልሲየም ካርቦኔት የሚሰራም አለ፣ እሱ አይሆንም። መለያው ቀላል ነው፣ የጠመኔውን ፍቅፋቂ ማንኪያ ላይ አርጉና ሎሚ ጨምቁበት፣ ከተንጫጫና አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፣ ጣሉት። ዝም ካለ ጄሶ ነው። ከዛ አንድ ሁለት ዘንግ ሰባብራችሁ ወቅጡና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡት፣ ብዙ ጊዜ ነቅንቁት፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ብቻ ሳይናወጥ ቅዱ። አብዛኛው ጠመኔ ከታች ዘቅጦ ታዩታላችሁ፣ አትደንግጡ፣ ጄሶ በአንድ ሊትር የሚሟሟው ከ2 እስከ 2.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ለዛሬ ስራ ደግሞ በቂ ነው። ጠመኔ ካጣችሁ ከህንፃ መሳሪያ ሱቅ ጄሶ መግዛት ይቻላል ግን አንዳንዱ ኖራ ይቀላቀልበታል፣ ኖራ ካለው ኢንዲኬተሩ ገና ሳይነካ አረንጓዴ ይልባችኋል፣ ምልክቱ እሱ ነው። የትምህርት ቤታችሁ ላብ ሶዲየም ሰልፌት ካለው ደግሞ ይሄን ሁሉ ተዉት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ነው።

የወጥ ጨውስ? ጨው ለሰሜን ሸዋ ሰው ብርቅ አይደለም፣ ድሮ አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ጨው በግመል ይወጣ ነበር፣ ግን ለዚህ ስራ አይሆንም። ጨው ሲኖር አኖዱ ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ክሎሪን ይወጣል፣ ክሎሪኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደ በረኪና ይሆንና የኢንዲኬተሩን ቀለም ያነጣዋል፣ ተማሪው ሮዝ ይጠብቃል፣ የሚያየው ነጣ ያለ ክብ ነው። ሽታውም ጉሮሮ ይይዛል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ በብርዱ ምክንያት መስኮት የሚከፍት ሰው የለም።

ዘንጎቹ እርሳስ ናቸው። ተራ ኤችቢ ይሰራል፣ 2ቢ ወይም 4ቢ ካገኛችሁ ግራፋይቱ ስለሚበዛ ይሻላል። በሁለቱም ጫፍ ቅረጹ፣ ወደ ውሃው የሚገባው በኩል ጥቁሩ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ቢገለጥ ጥሩ ነው። ወድቆ የሚያውቅ እርሳስ አትምረጡ፣ ላዩ ደህና ይመስላል ውስጡ ግን ተሰባብሯል፣ ከዛ ለምን አይሰራም ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትነካኩ ትውላላችሁ። ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ የከሰል ዘንጉን አውጥቶ መጠቀምም የተለመደ ነው፣ እኔ አልመክርም፣ ጥቁሩ ዱቄት እጅና ልብስ ያበላሻል፣ ዘንጉም ክሎራይድ ጠጥቶ ስለሚመጣ ያው የጨውን ችግር ይዞ ይመጣል። አልካላይን የሚለውን ወይም የሞባይል ባትሪን መክፈት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ማንኪያ፣ ሚስማር፣ የመዳብ ሽቦ ውሃው ውስጥ አይግባ፣ ሚስማር ይዝጋል፣ መዳብ ይሟሟና ውሃውን ያሰማያዋል፣ የማይዝገው ማንኪያ ደግሞ አኖድ ሲሆን መርዛማ ክሮሚየም ሊለቅ ይችላል።

ሃይሉን በተመለከተ ውሃን ለመክፈል በወረቀት 1.23 ቮልት ይበቃል ይባላል፣ በተግባር ግን ከ2 ቮልት በታች ምንም የሚታይ ነገር የለም። አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ በተርታ 6 ቮልት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ስድስት ከሆነ 9 ቮልት፣ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ባለ 9 ቮልቷ ትንሿ ካሬ ባትሪም ትሆናለች። ድንጋዮቹን ጉብ ያለው ጫፍ የሌላውን ጠፍጣፋ ቂጥ እየነካ ደርድሩና በጋዜጣ ወይም በካርቶን ጥብቅ አርጋችሁ ጠቅልሏቸው፣ በፕላስተር እሰሩ። ጉብ ያለው የመጨረሻው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። የግድግዳ ሶኬት በምንም መልኩ አይነካም፣ 220 ቮልት እርጥብ እጅ ላይ ይገድላል። የመኪና ባትሪም ይቅር።

አሁን ወደ ቀለሙ። ምርጡ ቀይ ጥቅል ጎመን ነው፣ ያ ወይን ጠጅ የሚመስለው፣ ነጩ አይሰራም። ደብረ ብርሃን ገበያ ካጣችሁት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አንድ ራስ ያምጣላችሁ፣ ለሙሉ ሰሚስተር ይበቃል። ሶስት አራት ቅጠል ከትፋችሁ በግማሽ ሊትር የዝናብ ውሃ አስር ደቂቃ ያህል ቀቅሉት፣ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ለዚህ አይጎዳም እንዲያውም ቀለሙ ብዙ ሳይቃጠል ይወጣል። አጥሉትና አቀዝቅዙት። ይሄ ጭማቂ በጠንካራ አሲድ ቀይና ሮዝ፣ 7 አካባቢ ሐምራዊ፣ ከዛ ሰማያዊ፣ 10 አካባቢ አረንጓዴ፣ ከ12 በላይ ቢጫ ይሆናል። ቶሎ ይሸታል፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ካለፈው እንደገና ቀቅሉ።

ሌላው አማራጭ እርድ ነው፣ ከየትም ይገኛል፣ ግን የሚያሳየው ቤዙን ብቻ ነው፣ ከ8 ተኩል ገደማ በላይ ከቢጫ ወደ ቀይ ቡኒ ይዞራል፣ አሲድ ላይ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። በውሃ በደንብ አይሟሟም፣ አልኮል ይፈልጋል፣ የፋርማሲ አልኮል ወይም ያው የአገራችን ዳግም አረቄ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ስኒ በጥብጡና አጥሉት፣ እሳት አጠገብ ግን አይሁን። ከርከዴ ቀለሙ ያምራል ግን ራሱ አሲድ ነው፣ ካቶዱ የሚሰራውን ቤዝ ይበላዋል፣ በጣም ካላቀጠናችሁት አይጠቅምም። የሸዋ ሮቢት ቀይ ሽንኩርት ልጣጭም ተቀቅሎ ይሞከራል፣ ደከም ያለ ነው። ላብ ውስጥ ብሮሞታይሞል ብሉ ካለ ከሁሉም ይበልጣል፣ ከ6 በታች ቢጫ፣ ከ7.6 በላይ ሰማያዊ፣ መሃሉ አረንጓዴ ነው። ፌኖልፍታሊን ካቶዱን ብቻ ሮዝ ያረጋል።

አሰራሩ፦

1. ነጭ ሳህን ወይም ጠለቅ ያለ የስኒ ማስቀመጫ ውሰዱ። አራት እጅ የጠመኔ ውሃ፣ አንድ እጅ የጎመን ጭማቂ ቀላቅሉ። ጭማቂውን አታብዙ፣ ጎመኑ ራሱ ትንሽ ባፈርነት አለው፣ ቀጠን ያለ ሐምራዊ ይበቃል።

2. ከመጀመራችሁ በፊት ከድብልቁ በሶስት ስኒ ቅዱ። አንዱ ላይ ሎሚ ጠብ አርጉ፣ አንዱ ላይ የጠለለ የአመድ ውሃ፣ ሶስተኛውን ተዉት። ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ታገኛላችሁ፣ ይሄ ማመሳከሪያችሁ ነው፣ ተማሪው ዘንጎቹ ጋ የሚያየውን ከዚህ ጋር እያስተያየ ራሱ ይፍረድ። ሶስተኛው ስኒ ገና ከመነሻው ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ካለ ውሃው ወይ ጠመኔው ችግር አለበት፣ ወደ ፊት አትሂዱ፣ ቀይሩት።

3. ሽቦውን የእርሳሱ ላይኛው ጫፍ ጥቁሩ ላይ ጠምጥማችሁ በፕላስተር አጥብቁ። መዳቡ ውሃ እንዳይነካ።

4. ሁለቱን እርሳሶች በአራት አምስት ሳንቲሜትር ርቀት በሳህኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ በጭቃ ወይም በልብስ መቆንጠጫ አቁሟቸው፣ እጅ ከያዘው ውሃው ይናወጥና ቀለሙ ይደባለቃል። አገናኙ።

5. ዝም ብላችሁ እዩ። ካቶዱ ጋ መጀመሪያ ደቃቅ አረፋ እንደ ጸጉር ተሰልፎ ይወጣል፣ ከዛ እርሳሱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ክር ይታይና ክሩ ወደ አረንጓዴ ዞሮ ቀስ እያለ ይሰፋል። አኖዱ ላይ አረፋው ያነሰ ነው፣ ሮዙ ከአረንጓዴው ትንሽ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ታገሱ። ሃይድሮጂኑ ከኦክስጅኑ እጥፍ መሆን አለበት ቢባልም ግራፋይቱ ራሱ ከኦክስጅኑ ትንሽ ይበላል፣ ስለዚህ አኖዱ ከሚጠበቀውም ያነሰ ነው የሚያወጣው፣ ከስሩ ጥቁር ብናኝ ካያችሁም ከዚሁ የመጣ ነው።

6. ሽቦዎቹን አገለባብጡ። አረንጓዴ የነበረው እየደበዘዘ በሐምራዊ አልፎ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ተማሪ እርሳሱ ሳይሆን የተያያዘበት የባትሪ ጫፍ እንደሆነ ወሳኙ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ በቃል ብትነግሩት ይረሳዋል።

7. ባትሪውን ነቅላችሁ በእንጨት አማስሉት። ሁለቱ ቀለም ተገናኝቶ ሳህኑ ወደ መነሻው ሐምራዊ ይመለሳል። ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ካቶዱ የሰራው ሃይድሮክሳይድና አኖዱ የሰራው ሃይድሮጂን አዮን ልክ እኩል ናቸው፣ አንዱ ኤሌክትሮን ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ ሲገናኙ ተመልሰው ውሃ ናቸው። ይሄንኑ በወጥ ጨው ብትሰሩት አይመለስም፣ ክሎሪኑ ቀለሙን በልቶታል ሃይድሮክሳይዱም ብቻውን ቀርቷል። ጊዜ ካላችሁ ሁለቱንም ጎን ለጎን በር ላይ ሰርታችሁ አሳዩ፣ የጨው ነገር ያኔ ክርክር አይኖረውም።

ለትንንሾቹ ክፍሎች ደግሞ በእርዱ መጻፍ ይቻላል። ሶፍት ወይም ማጣሪያ ወረቀት በእርዱ አልኮል ነክራችሁ አድርቁ፣ ሳህን ላይ ዘርጉና በትንሽ ጨው ውሃ አርጥቡት፣ እዚህ ጋ የወጥ ጨው ይፈቀዳል ምክንያቱም አኖዱን ማንም አያየውም፣ ወረቀቱም ትንሽ ስለሆነ ሽታው አያስቸግርም። የፖዘቲቩን እርሳስ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፣ በኔጌቲቩ እርሳስ ቀስ ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ፣ በቢጫ ላይ ቀይ ቡኒ ፊደል ይወጣል። ከፈጠናችሁ መስመሩ ይቆራረጣል።

ካልሰራ ምን ይታያል? አረፋ ጭራሽ ከሌለ ዘጠና በመቶው ሽቦው ከግራፋይቱ ጋር አልተነካካም ማለት ነው፣ ወይ ድንጋዮቹ ውስጥ አንዱ ተገልብጧል። አረፋ ኖሮ ቀለም ከሌለ ውሃው ነው፣ ወደ ዝናብ ውሃው ተመለሱ። አረንጓዴው መጥቶ ሮዙ ከቀረ ውሃው ላይ ትንሽ ባይካርቦኔት አለ ወይም ጭማቂውን አብዝታችኋል። አኖዱ ጋ ከነጣ ጨው ገብቷል፣ ሳህኑ ወጥ የበላንበት እንዳይሆን። ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር አኖዱ ጋ ካያችሁ ደግሞ መዳቡ ውሃ ነክቷል።

ቀለሞቹ እንዳይደባለቁ ለረጅም ሰዓት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚይዙትን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ሰላሳ አርባ ሳንቲሜትር ያህል ይቁረጥና እንደ ዩ አጥፎ ነጭ ካርቶን ላይ ይሰረው፣ ያንኑ ድብልቅ ሞልቶ በሁለቱ አፍ እርሳሶቹን ያስገባ። መንገዱ ስለረዘመና ስለጠበበ ኤሌክትሪኩ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ይሆናል፣ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ግን አንዱ ክንድ አረንጓዴ አንዱ ክንድ ሮዝ ሆኖ መሃሉ ሐምራዊ ይቆያል፣ ከኋላ ወንበር ድረስ ይታያል። አፎቹን በቡሽ ወይም በጨርቅ አትድፈኑ፣ ሃይድሮጂኑ ይውጣ፣ ክብሪትም አጠገቡ አይጫር።

ሲያልቅ የጎመኑንና የጠመኔውን ውሃ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ድፉት፣ የዘቀጠውን ጄሶ ግን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትጨምሩት፣ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ይደፍነዋል። በጨው የሰራችሁትን ከብዙ ውሃ ጋር ለብቻው ድፉ፣ ከአሲድ ጋር እንዳይገናኝ። ሳህኑንና ስኒዎቹን ወደ ሻይ ክበብ ከመመለሳችሁ በፊት በሳሙና እጠቡ፣ ጎመኑ ሳሙናው ላይ አረንጓዴ ሲል ደግሞ ልጆቹን ለምን ብላችሁ ጠይቋቸው።